«አልኮል አልባ» ወይንና የኒካሕ ድግሳችን

ለኒካሕ ድግስ መጠጥ ልትገዙ ስታዲየም አካባቢ ስትዞሩ «አልኮል አልባ» የሚል የወይን ጠርሙስ ቢቀርብላችሁ አትቸኩሉ፤ ጽሑፉን አንብቡ።

ነጭ ወይን ጠጅ ከመቶ 12 እጅ ገደማ አልኮል አለው። አልኮል አልባ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ተብላልቶ ወይን ጠጅ ከሆነ በኋላ ነው አልኮሉ የሚወጣለት፤ እስከ 0.5 እጅ የሚቀርበትም አለ። ያልተብላላ የወይን ጭማቂ ግን ሌላ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብዙው የሚያሰክር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን አስተምረውናል። በዚህች ቅሪት ላይ ዑለማዎች ቢለያዩም፣ ከሚያጠራጥር ነገር መራቅ ለዲን ይበጃል።

የእናቶቻችን ብርዝ እያለልን ምን ቸገረን? እሱም ሲሰነብት ስለሚፈላ በዕለቱ ተበርዞ በዕለቱ ይጠጣ። ወላሁ አዕለም።