ደቦ ለእርሻ ነው

«ሌባ! ሌባ! ያዘው!» የሚል ጩኸት ገበያ መካከል ወይም ታክሲ መያዣ አጠገብ ስትሰሙ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ምናችሁ ነው? እግራችሁ? እጃችሁ? ወይስ ስልክ ያለበት ኪሳችሁ? አፋችሁ ግን «ማን ነው? ምን ወሰደ? ማን አየ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አያገኝም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ወጣት አስፋልት ላይ ወድቆ ይረገጣል። ከሚረግጡት አብዛኞቹ ምን እንደጠፋ እንኳ አያውቁም። ከዳር የቆሙት ይቀርጻሉ። ማታ ቪዲዮው «የእጁን አገኘ» ተብሎ ይዞራል። እኛ የጌታ ልጆች ነን የምንለውም «ይበለው» ብለን እናልፋለን፤ አንዳንዶቻችን ለሌላው እናጋራለን።

ይህን የምጽፍላችሁ ያንን «ይበለው» ለመቃወም ነው። አገራችን ለነገሩ ስም አውጥታለታለች፤ የደቦ ፍርድ ትለዋለች። ደቦ ጥሩ ቃል ነበር። ጎረቤት ተጠራርቶ የአቅመ ደካማውን መሬት የሚያርስበት፣ የታመመውን ሰው ሰብል የሚያጭድለት ነው። ሥራ በብዙ እጅ ይቀላል። ፍርድ ግን በብዙ እጅ ይጠፋል፤ ከመቶ ሰው መካከል ለሆነው ነገር «እኔ ነኝ» ብሎ የሚጠየቅ አንድ ሰው አይገኝምና።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቀን «ቦምብ ተይዟል» የሚል ወሬ ተነሣ። አንድ ሰው በሕዝቡ እጅ ተገደለ፤ በአደባባይም ተሰቅሎ ታየ። ቦምብ ግን አልነበረም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ መጡ» በሚል ወሬ ተደብድበው ሞቱ። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ቦታ የተሰበሰበው ሰው አብዛኛው ነፍስ ሊያጠፋ ብሎ ከቤቱ አልወጣም። ልጁን የሚወድ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ጎረቤቱ ሲታመም የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ሁሉ ደግነት ግን ወሬውን «እስኪ እናጣራ» ለማለት አልበቃም።

አሁን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21ን ክፈቱ። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም መቅደስ ውስጥ ነው። ሰዎች ቀደም ሲል የኤፌሶኑን ጥሮፊሞስን በከተማ ከእርሱ ጋር አይተውት ነበርና ወደ መቅደስም ያገባው መሰላቸው። መሰላቸው እንጂ አላዩም። በዚያ «መሰለን» ከተማው ሁሉ ታወከ፤ ጳውሎስን ጎትተው አውጥተው ሊገድሉት መቱት። የሮማ ሻለቃ ወታደሮቹን ይዞ ሲደርስ አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር ይጮኽ ነበርና እርግጡን ማወቅ አልቻለም። ሻለቃው ራሱም ሰውየውን ዓመፅ ካስነሣ አንድ ግብፃዊ ጋር አምታቶት ነበር። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሻለቃው ጠየቀ፣ መልሱንም ሰማ። ያን ቀን የሐዋርያውን ነፍስ ያተረፈው የሃይማኖተኞች ቅንዓት አይደለም፤ «ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድበትም» የሚል የአሕዛብ ሕግ ነው። ፊስጦስም በምዕራፍ 25 ይህንኑ የሮማውያን ልማድ ነው የሚናገረው። ደቦው ቢሳካለት ኖሮ ጳውሎስ በኋላ በእስር ሆኖ የጻፋቸው መልእክቶች ዛሬ በእጃችን አይኖሩም ነበር።

ከፊስጦስም በፊት ይህን ያስተማረ አለ። በኤደን ገነት እግዚአብሔር ከመፍረዱ በፊት ጠየቀ፤ አዳምን ወዴት እንዳለ፣ ሔዋንንም ምን እንዳደረገች። የሰዶም ጩኸት ሲደርሰውም ነገሩ እንደ ተባለው መሆኑን ወርዶ እንደሚያይ ተናገረ። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ከፍርድ በፊት ከጠየቀ፣ ምንም ያላየን እኛ ምን አቻኮለን? ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ሲል፣ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ክርስቲያን ካለ ዘፍጥረትን ደግሞ ያንብብ።

የራሳችንም አባቶች ያውቁት ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይሉ ነበር። ግን እነዚያው አባቶች ሌባሻይ የሚባል ነገርም ነበራቸው። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ያጠጡታል። ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። ምስክር የለም፤ መከላከያም የለም። ይህ አሠራር በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመንግሥት እስኪከለከል ድረስ ስንት ንጹሕ ሰው ከፍሎ ይሆን? ሰው የታገሠው የሌባውን ስም ቶሎ ስለሚሰጥ ነው። የተበሳጨ ሕዝብ ከእውነተኛው ስም ይልቅ ፈጣኑን ስም ይወዳል።

ዛሬ በሌባሻይ እንስቃለን። ግን የአንድን ሰው ፎቶ ለጥፎ «ይህን አጭበርባሪ ሼር አድርጉት» የሚለውን ያለ ምንም ጥያቄ ስናጋራ ያንን መድኃኒት የጠጣው ልጅ ማን ነው? እኛው ነን። ወገባችን በማናውቀው ሰው መቀነት ታስሯል፤ የወደቅንበት ቤት ሌባ ቤት ይባላል።

የወንጌል አማኞች ደግሞ ይህን ለመርሳት ምክንያት የለንም። በቀይ ሽብር ዘመን «ነፃ እርምጃ» የሚባል ቃል ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ክስና ችሎት ሳያስፈልግ ግደል ማለት ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ክስ አልተነበበባቸውም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በየቦታው የታሰሩትና የተደበደቡት አማኞችም «መጤ» የሚለው ስም ማስረጃ ሆኖ የተቆጠረባቸው ነበሩ። ያለ ችሎት የተቀጣ ሕዝብ ልጆች ያለ ችሎት ለሚቀጣ ደቦ ሲያጨበጭቡ ማየት ያሳፍራል።

ተቃውሞአችሁን እሰማለሁ። «መምህር፣ አንተ ስልክህን ስላልተነጠቅህ ነው። ፖሊስ ይይዘዋል፣ ነገ በዋስ ይወጣል፣ ተነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ይነጥቃል።» የተነጠቀ ሰው ሕመም እውነት ነው። የወር ደመወዟን ያጣች እናት እንባ ቀልድ አይደለም። የሕግ አካል መዘግየትና መዳከምም መወቀስ ያለበት ነገር ነው። ግን ሁለት ነገር ልመልስላችሁ።

አንደኛ፣ ዋስ ማለት ነፃ መባል አይደለም፤ ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንዲቀርብ መያዣ ነው። ብዙ መዝገብ የሚዘጋው ምስክር ስለሚጠፋ ነው። ያን ዕለት ለመምታት መቶ ሰው ነበረ፤ ቃሉን ለመስጠት ሲጠራ ግን «ጣጣ ውስጥ አልገባም» ይላል። ሌባውን ያስለቀቀው ዳኛው ብቻ አይደለም፤ እጁን ሰጥቶ ስሙን የደበቀው ሕዝብም ነው። በሙሴ ሕግ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ የሚያነሣው ምስክሩ ራሱ ነው፤ በሐሰት ከተገኘም በወንድሙ ላይ ያሰበው ቅጣት በእርሱ ላይ ይመለሳል። ያ ሕግ የሚለው ይህን ነው፦ የምትከስ ከሆነ ፊትህን አሳይ፣ ስምህን ስጥ፣ ለቃልህ ተጠየቅ። ደቦ ከዚህ ሁሉ መሸሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰውየው በእርግጥ ሌባ ቢሆንስ? ቢሆንም ለሞባይል የሞት ፍርድ የሚሰጥ ሕግ የለንም። በጌታ አጠገብ የተሰቀለው ወንበዴ እውነተኛ ወንበዴ ነበር፤ የሚገባውን እንደተቀበለ በራሱ አፍ ተናግሯል። ጌታ ግን እስከ መጨረሻው ትንፋሹ ድረስ እንደ ሰው አነጋገረው። መካከል ላይ የተሰቀለው እርሱ ራሱስ በማን ድምፅ ተሰቀለ? ጲላጦስ በደል አላገኘበትም፤ ሕዝቡን ደስ ለማሰኘት አሳልፎ ሰጠው። እምነታችን የተመሠረተው ጩኸት ፍርድን ባሸነፈበት ቀን በሞተው ጌታ ላይ ነው። ከዚያ አደባባይ የምንወርሰው የጲላጦስን ድካም ወይም የሕዝቡን ጩኸት መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የወጣቶች ኅብረታችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። «ስለ እንትና የሰማነው ነገር አለ፤ በጸሎት አስቡት» የሚል መልእክት አይታችሁ አታውቁም? ሐሜት የጸሎት ርእስ ልብስ ለብሶ ሲገባ ማለት ነው። ማቴዎስ 18 መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ይላል። እኛ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ለብቻው የሚነግረው ሰው ግን አይገኝም። የአንዲት እኅት ስም በአንድ ሌሊት ጠፍቶ ከኅብረቱ ስትቀር «ዓለም ወሰዳት» እንላለን። የወሰዳት ዓለም ሳይሆን እኛ ሆነን ሳለን።

ግን ይህን ቃል ለሸፋኞች መሣሪያ እንዳታደርጉት። በልጅ ወይም በሴት ላይ ግፍ ሲፈጸም «የጌታ ስም እንዳይሰደብ በሽምግልና ይለቅ» የሚሉ አሉ፤ በተለይ ተከሳሹ አገልጋይ ሲሆን። ይህ የማቴዎስ 18 ምክር አይደለም። ያ ምዕራፍ ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው በወፍጮ ድንጋይ እንደሚያስጠነቅቅ አትርሱ። ወንጀል ከሆነ ቦታው ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ነው። የሚያዳፍነውና የሚረግጠው የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ ግን መንትዮች ናቸው። አንዱ የተበደለችውን አፍ ይዘጋል፤ ሌላው የተጠረጠረውን። ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ወገን ቆሞ የሚሰማበትን ችሎት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ለማንኛውም ዜጋ የተፈቀደ ነው፤ መምታት ግን ለማንም አልተፈቀደም። ስለዚህ ያዙ እንጂ አትምቱ። የሚመታ ካለ በመካከል ግቡ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰው ጥሩ። ከቀረጻችሁ ቪዲዮው ለመርማሪ ይሰጥ እንጂ ለመንደር አይሰራጭ። ያያችሁትን በስማችሁ መስክሩ፤ መጥሪያ ሲመጣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁ ሂዱ። የኅብረት መሪዎች ሆይ፣ በዚህ ሩብ ዓመት አንድ ቀን የሕግ ባለሙያ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ጋብዙና ወጣቱን ስለ ምስክርነት አስተምሩ። ወንጌልን መመስከር የምንወድ ሰዎች ችሎት ፊት ስንጠራ መጥፋት የለብንም።

አያቶቻችን ጠብ ሲነሣ አንድ ቃል ነበራቸው፦ «በሕግ አምላክ!» ያንን የሰማ ሰው ዱላውን ያወርድ ነበር። ተናጋሪው ጉልበት አላስፈለገውም፤ ሽማግሌም ሴትም ልጅም ሊለው ይችል ነበር። ቃሉ ከተቆጣው ሰው በላይ ሕግ፣ ከሕግም በላይ አምላክ እንዳለ ያስታውሳል። የእኛ ትውልድ ስልክ እንጂ ይህ ቃል በአፉ የለም። መልሱት። አንድ ሰው ሲረገጥ አይታችሁ ጉልበታችሁ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሉት፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚል ሁለተኛ ሰው አይጠፋም።