ከ«አይዞህ» በኋላስ?

አርሲ ውስጥ «ውጭ አገር» ሲባል ለሁሉም ሰው አንድ ነገር አይታየውም። ለአንዱ ሩጫ ነው፤ ለሌላዋ ዓረብ አገር ሄዶ ሰው ቤት መሥራት ነው፤ ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ስኮላርሺፕ። ሯጩ አሰልጣኝ አለው። ዓረብ አገር የምትሄደው ደላላ አላት። ተማሪውስ ማን አለው?

«መምህራን አሉ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ «ጎበዝ ነህ፣ አይዞህ፣ ውጭ ወጥተህ ተማር» የሚሉን ብዙ ናቸው። ደስ ይላል። ግን «አይዞህ» የተባለው ልጅ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሳያገኝ ቀኑ ያልፍበታል። እንደ እኔ እምነት ማበረታታት ቃል ብቻ አይደለም፤ የአበረታቹን ጊዜና ስም ይጠይቃል።

ሩቅ ሳንሄድ በቆጂን እንይ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ዓለም ያየው ድሉን ነው። ከድሉ በፊት ግን በዚያ ብርድ አብሯት ሜዳ የሚወጣ መምህር ነበራት።

ትምህርትም እንደዚሁ ነው። የወለንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ ተመረቁ። አሜሪካዊው የማሽላ ተመራማሪ ጆን አክስቴል አገኟቸውና ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋበዟቸው፤ እዚያም አማካሪያቸው ሆኑ። ገቢሳ በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። አክስቴል «ጎበዝ» ብለው ብቻ ቢሄዱ ኖሮስ?

ቻይናዊው ዩንግ ዊንግም እ.ኤ.አ. በ1847 አሜሪካ የደረሰው መምህሩ ሳሙኤል ብራውን ይዘውት ስለሄዱ ነው። በ1854 ከዬል ተመረቀ። እሱም በተራው የአገሩን መንግሥት ወትውቶ ከ1872 ጀምሮ 120 ልጆች ለትምህርት እንዲላኩ አደረገ። አንድ የተበረታታ ሰው ስንቱን አበረታታ!

«የወጣ መቼ ይመለሳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከ120ዎቹ አንዱ ጃን ቲያንዮ አገሩ ተመልሶ በ1909 የተጠናቀቀውን የቤጂንግ–ጃንግጃኮ የባቡር መሥመር መርቶ አሠርቷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኑሯቸው አሜሪካ ቢሆንም፣ አቀንጭራን የሚቋቋመው የማሽላ ዘራቸው ለእኛም ገበሬ ደርሷል።

ስለዚህ የዲፓርትመንታችንን መምህራን በአክብሮት የምጠይቀው ይህን ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እያንዳንዳችሁ ጥቂት ተማሪዎች ያዙ። ጽሑፋችንን አንብቡልን፤ ማመልከቻችንን አርሙልን። ገና ካልደረስንም «አልደረስክም፣ ይህን አሻሽል» በሉን። እሱም ማበረታታት ነው።

እኛስ? ለፈተና ብቻ ብቅ የምንል ከሆነ መምህሩ ምን ብለው ይጻፉልን? ደብዳቤ የሚጻፈው ስለሚታወቅ ሥራ ነው። እስቲ አንድ ዜና፣ አንድ ፊቸር ይዘን ቢሯቸውን እናንኳኳ። አርሲ ለእግር አሰልጣኝ ካላጣች ለብዕርም ልታጣ አይገባም።