ለጌቶችም የተጻፈ ቃል አለ

በሥራ ቦታ የሚዋረድ፣ የሚገለል ወይም «እንጀራህን እቆርጣለሁ» የሚባል ወገን ብዙ ጊዜ «ቻለው፤ ጸልይ» ይባላል። አለቃውን ግን የሚመክር የለም።

ጳውሎስ በኤፌሶን 6፥9 ማስፈራራትን እንዲተዉ ያዘዘው ጌቶችን ነው። የናባል አገልጋይም ለጌታው መናገር ስለማይቻል ወደ አቢግያ ሄደ (1ኛ ሳሙ. 25)፤ የሚሰማው በመገኘቱም ቤተሰቡ ከደም መፋሰስ ዳነ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 190ኛ ስምምነት ሥነ ልቦናዊ ጉዳትንም ያካትታል፤ ለሠራተኞች ሥልጠና እንዲሰጥም ይጠይቃል።

እኛም አብያተ ክርስቲያናትና አማኝ ቀጣሪዎች ከዚህ እንዳያንሱ እንለምናለን። አለቆች ሳያዋርዱ ማረምን ይማሩ፤ ሠራተኞችም ከአለቃቸው ሌላ አቤት የሚሉበትን ሰው ይወቁ። ወገኖች ሆይ፣ እንጸልይ፤ እናሠልጥንም።