ዋጋ በጆሮ አይዘጋም

ዛሬ የማወራው ስለ ኒውዮርክ ዋጋ ሳይሆን ዋጋውን ስለምንደራደርበት መንገድ ነው፤ ስለ ዙምና ቲምስ።

ከገዢ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ተለምዷል። ብዙዎቻችን ግን እንደ ስልክ ነው የምንጠቀምበት። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን፣ መኪና ውስጥ ሆኖ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በሞባይሉ ዋጋ ይዘጋል። ይሄ አደገኛ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ የጫነ ኮንቴይነር 19.2 ቶን ነው፤ በፓውንድ 42,300 ያህል። ስለዚህ በፓውንድ 1 ሴንት ማለት በኮንቴይነር 423 ዶላር ነው። ገዢው ዲፈረንሻሉን «ፕላስ ፊፍቲን» ሲል እናንተ «ፊፍቲ» ብላችሁ ከሰማችሁ፣ ልዩነቱ 35 ሴንት ነው። በአንድ ኮንቴይነር 14,800 ዶላር ገደማ ማለት ነው!

የቪዲዮ ስብሰባ ትልቁ ጥቅም ፊት ለፊት መተያየቱ አይደለም፤ አንድ ወረቀት አብሮ ማየቱ ነው። በኮምፒውተር ግቡ፣ ስክሪን ሼር አድርጉ፣ ገዢው እያየ እዚያው ኤክሴል ላይ ሙሉት፦

☕ የቡናው ዓይነት፣ ደረጃና ብዛት
☕ የኒውዮርኩ የውል ወር (ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበር ወይስ ዲሴምበር?)
☕ ዲፈረንሻሉ፣ ፕላስ ወይም ማይነስ፣ በቁጥር
☕ ዋጋውን ፊክስ የሚያደርገው ማን ነው? እስከ መቼ?
☕ የጭነት ወር

ዩኒየኖች ደግሞ ገበያ ክፍሉን፣ ፋይናንሱንና ቀማሹን አንድ ላይ አስቀምጡ። አንዱ ያልሰማውን ሌላው ይሰማል። የአባል ገበሬው የትርፍ ክፍፍል የሚወሰነው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ገዢው አላመናችሁኝም ብሎ ይከፋዋል» የሚሉ አሉ። አይከፋውም። የምር ገዢ ከሆነ ቁጥሩ ተጽፎ ቢያይ ደስ ይለዋል፤ የሱም ገንዘብ ነዋ።

ስክሪን የማይችለው አንድ ነገር አለ፦ ቡና አይቀመስበትም። ናሙናው ቀድሞ ይላክ። ከአንድ ሎት የወጣውን ናሙና ሁለታችሁም በየላቦራቶሪያችሁ ቅመሱና ውጤቱን በስብሰባው ላይ አነጻጽሩ።

ስብሰባው እንዳለቀ ፋይሉን በዚያው ቀን በኢሜይል ላኩ። የገዢው ማረጋገጫ በጽሑፍ ሳይመጣ አንድ ጆንያ ከመጋዘን አይውጣ። ቡናና ሻይ ባለስልጣን የሚመዘግበው የተጻፈ ውል ነው፤ በዙም የተባለውን አይደለም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። መልካም ገበያ!