መታቀብ ለሴቶቹ ብቻ ነው?

መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። ሦስቱን «መ»ዎች የመተማ ተማሪ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱትም ይወጣቸዋል። «ታምኑባቸዋላችሁ?» ስል ግን መልሱ ሳቅ ነው። አንዷ ልጅ ብቻ «መታቀብ የሚባለው እኮ ለእኛ ለሴቶቹ ነው፣ ሲስተር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እሷ ትንሽ ካመሸች ቤቱ ይታመሳል። ወንድሟ ግን በጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ገንዘቡን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ከተማ ሲገባ፣ ከደጋ ከወረደው ሠራተኛና ከሹፌሩ ጋር ሲያመሽ፣ «የት ነበርክ?» የሚለው የለም። ቫይረሱ ያለበት ሰው ደግሞ ለዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ በመልክ አይለይም።

ወላጆች፣ አያቶችም፣ ወንዱንም ከአጨዳው በፊት አስቀምጣችሁ አነጋግሩት። ኮንዶም ብላችሁ ለመጥራት ካፈራችሁ ጤና ጣቢያ ላኩት። ምርመራው በነጻ ነው፤ የሚያሰጋ ነገር ካጋጠመው ከ3 ወር በኋላ ይድገመው።