የጓደኛ ቸርነት ወይስ የተማሪ መብት?



ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በክፍላችን ለሚማር አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ በሳምንት ሦስት ምሽት መጽሐፍ አነብለት ነበር። እርሱ ያዳምጣል፤ በስሌትና በስታይለስ ወረቀቱን እየወጋ ማስታወሻ ይይዛል፤ ያልገባውን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜም እኔ በጥድፊያ አንብቤ ያለፍሁትን አስቁሞኝ፥ መልሶ የሚያስረዳኝ እርሱ ነበር። የዓመቱ ፈተና ሲቃረብ ግን የራሴም ጥናት ተደራረበብኝ። አንድ ምሽት እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ፤ በማግሥቱም ቀረሁ። ያላነበብሁለት ምዕራፍ ከመጽሐፍ ላይ በፎቶግራፍ ተነሥቶ የተሰጠን ስለ ነበረ፥ ኮምፒዩተሩም ሊያነብለት አልቻለም። ከፈተናው ጥያቄዎች ትልቁ ከዚያው ምዕራፍ መጣ። ከአዳራሹ ስንወጣ ይቅርታ ብጠይቀው፥ «አንተ ምን ዕዳ አለብህ? እስካሁን ያነበብህልኝስ በቸርነትህ አይደለምን?» አለኝ።

ሊያጽናናኝ ብሎ የተናገረው ቃል ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ፤ እውነቱን ነበርና። እኔ ጓደኛው እንጂ ባለ ዕዳው አልነበርሁም። ታዲያ ዕዳው የማን ነው? በዚህ ጽሑፍ አንባቢ ከእኔ ጋር እንዲያስብበት የምለምነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

እርሱና እኔ በአንድ ሳምንት ተመዝግበን፥ አንድ ዓይነት መታወቂያ ተቀብለን፥ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የምንማር ተማሪዎች ነን። ነገር ግን የእኔ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ሲጠብቀኝ፥ የእርሱ መጽሐፍ የእኔ ጉሮሮ ነው። እኔ ሳስል መጽሐፉ ይዘጋል፤ እኔ ሲታክተኝ ገጹ ይታጠፋል፤ እኔና እርሱ የተቀያየምን ዕለት ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ በሙሉ ተቆለፈበት ማለት ነው። በሌላ ሰው ፈቃድና ስሜት ላይ የተንጠለጠለ ነገር መብት ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ያለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ1999 ዓ.ም. ሲጸድቅ፥ ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላዋለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች ያለ አድልዎ ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኙ፥ ለዚህም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው መንግሥታትን ያስገድዳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 በአንቀጽ 40 ነገሩን በዝርዝር አስፍሮት ነበር፤ ይኸውም የመማሪያ ክፍልን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር፥ አማራጭ የፈተና ዘዴ ማዘጋጀት፥ የፈተና ሰዓት ማራዘም፥ የማስረከቢያ ቀን ማራዘምና ተጨማሪ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ነው። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1152 ተተክቷል። በዚያው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር።

ይሁንና በ2001 ዓ.ም. አዋጅ አንቀጽ 40 ውስጥ፥ «ሁኔታና ዐቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ሐሳብ ነበረ። ባለቢሮዎቻችንም ከአንቀጹ ሁሉ ይህን ብቻ በቃላቸው ያጠኑት ይመስላል። ዐቅም የሚፈቅደውን ያህል አድርግ ማለት፥ ደስ ያለህ ቀን አድርግ ማለት አይደለም። ዐቅም የለንም የሚል ሰው አስቀድሞ ዐቅሙን መዝኖ ማሳየት ይገባዋል። ስንት ተማሪዎች ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ቆጥሮ ያልጻፈ ቢሮ ዐቅሙ አይበቃም ብሎ የሚናገረው በምን ሒሳብ ነው?

እስቲ ዐቅም የማይጠይቀውን እንቁጠር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሰጠውን ትምህርት፥ በክራንች የሚሄድ አንድ ተማሪ ስላለ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የሚያስፈልገው የአንድ ሰዓት የፕሮግራም ሥራ ነው። መስማት የተሳነው ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ከመናገር ይልቅ ወደ ተማሪው ዞረው ቢናገሩ፥ የንግግራቸውንም አርእስት አስቀድመው በሰሌዳው ላይ ቢጽፉ፥ ምንም እንኳ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚን ባይተካ፥ ዋጋ የለውም። የሚታደለውን ጽሑፍ በፎቶግራፍ ከማንሣት ይልቅ በዩኒኮድ ፊደል ተይቦ በፋይል መስጠትም እንዲሁ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። በዛሬው ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ከእነዚህ አንዱ ኤን ቪ ዲ ኤ የሚባለው፥ ማይክል ከራን በተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ሲሆን፥ እስከ ዛሬ ድረስ በነፃ ይታደላል፤ አማርኛንም ያነባል። ነገር ግን መኪናው የሚያነበው የተተየበ ፊደልን እንጂ የፊደል ፎቶግራፍን አይደለም። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበም እንደ ሆነ ለዓይናችን አማርኛ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ስለ ሆነ፥ ፕሮግራሙ ትርጉም የሌለው ጩኸት ያሰማል። እንግዲህ ለእኛ አንድ የሚመስሉን ሁለት ወረቀቶች፥ አንዱ ለጓደኛችን የተከፈተ በር፥ ሌላው ግድግዳ ነው።

የደራሲ መብት ይነካል ተብሎ መጽሐፍ ወደ ድምፅ ወይም ወደ ብሬል እንዳይገለበጥ የሚሠጉ ቢኖሩ፥ ለዚህም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በማራካሽ ከተማ የተፈረመው ውል ለዓይነ ስውራን ጥቅም ሲባል ይህን የሚፈቅድ ነው፤ ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. ከአባሎቹ ተቆጥራለች።

አሁን ደግሞ ከጓደኞቼ አፍ ወደምሰማው ተቃውሞ ልምጣ። «ለእነርሱ የፈተና ሰዓት ሲጨመር ለእኛ ስለ ምን አይጨመርም? ይህስ አድልዎ አይደለምን?» ይባላል። ይህን የሚል ሰው ብሬል እንዴት እንደሚጻፍ ባያውቅ ነው። ብሬል በስድስት ነጥቦች ልዩ ልዩ አሰላለፍ የሚጻፍ ነው። በስሌትና በስታይለስ የሚጽፍ ሰው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሚወጋ ከቀኝ ወደ ግራ፥ እያንዳንዱንም ምልክት ገልብጦ ይጽፋል። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ እኛ በአንድ ፊደል «ሉ» ብለን የምናልፈውን፥ እርሱ የተነባቢውንና የአናባቢውን ምልክት ለየብቻ መውጋት አለበት። በአንባቢ የሚፈተንም ቢሆን ጥያቄው እስኪነበብለት፥ ደግሞ እስኪደገምለት፥ መልሱም በሌላ ሰው እጅ እስኪጻፍ ይጠብቃል፤ እኛ በዓይናችን መለስ ብለን የምናየውን እርሱ በአእምሮው ይዞ መቆየት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የሚጨመርለት ሰዓት ስጦታ አይደለም፤ የተወሰደበት ሰዓት ነው የሚመለስለት።

ሌላው ተቃውሞ፥ የትምህርቱ ደረጃ ዝቅ ይላል የሚል ነው። በዚህ ላይ ጓደኛዬ ከማንም ይልቅ ቁጡ ነው። እርሱ የሚለምነው ጥያቄው እንዲቀልለት ሳይሆን ጥያቄው እንዲደርሰው ነው። በርኅራኄ የሚሰጥ ማርክ ለእርሱ ስድብ ነው፤ ያልቻለውን ቻለ ብሎ ማሳለፍ አትችልም ብሎ ከማስቀረት የተለየ ንቀት አይደለምና። መንገዱ ይለወጥ እንጂ መድረሻው አይለወጥ።

አንዳንዶች ደግሞ የትነበርሽ ንጉሤን ለምሳሌ ያነሣሉ። እርሷ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፥ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ባደረገችው ትግል እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። «እንግዲህ የበረታ ይወጣዋል» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ወንዙን በዋና የተሻገረ ሰው ስለ ተገኘ ድልድይ አያስፈልግም አይባልም። ከእርሷ ጋር ስንቶች ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ማን ቆጠራቸው?

መብት ካለ ግዴታም አለ። ይህን ክፍል የጻፍሁት ጓደኛዬን አማክሬ ነው፤ የሚበዛውም የእርሱ ቃል ነው። አካል ጉዳተኛ የሆነ ተማሪ የሚያስፈልገውን በትምህርቱ መጀመሪያ ሊናገር ይገባዋል፤ ከፈተናው በኋላ፥ ውጤቱም ከተለጠፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ሰበብ ይሆናል። ይረዳኛል የሚለውን ለይቶ መናገርም የእርሱ ፋንታ ነው፤ አንዱ ዓይነ ስውር ብሬል ያነባል፥ ሌላው አያነብም፤ መምህሩ ይህን በግምት ሊያውቁት አይችሉም። ለእርሱ ብቻ የተሰጠውን ፋይል ለሌላ አለማስተላለፍ፥ የተጨመረለትንም ሰዓት ላላስፈለገው ነገር አለማዋል የእርሱ ታማኝነት ነው። አንባቢውም ግዴታ አለበት፤ በፈተና ጊዜ የተጻፈውን ያነባል፥ የተነገረውን ይጽፋል፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ በማድረግ መልስ መጠቆም፥ ወይም የራሱን ዐሳብ በሌላው አፍ መክተት ሌብነት ነው። መምህሩም በበኩላቸው የተማሪውን ጉዳይ በክፍል ፊት ሳይሆን በቢሮአቸው ሊነጋገሩበት ይገባል።

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በወሬ እንዳይቀር፥ ለተማሪዎች ማኅበራችን የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፥ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ፥ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ የሚያስፈልገውን የሚያስመዘግብበት አንድ መዝገብ ከሬጅስትራሩ ጋር ይከፈት። ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ ዓይነ ስውር ተማሪ ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ያላነሱ አንባቢዎች በተራ ይመደቡ፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ይተካ፤ ግቢውም ለድካማቸው መጠነኛ ክፍያ ያስብ። ሦስተኛ፥ መምህራን የሚያድሉት ጽሑፍ በዩኒኮድ ተተይቦ ትምህርቱ ከመሰጠቱ ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲደርስ ይጠየቁ። አራተኛ፥ የፈተና አንባቢ በፈተናው ጧት ከኮሪደር ላይ የሚያዝ ሰው ሳይሆን፥ አስቀድሞ ተነግሮት የተዘጋጀና የትምህርቱን ቃላት የሚያውቅ ይሁን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ እኔ ብቻዬን ተሸክሜ የጣልሁትን ማኅበሩና ግቢው ቢከፋፈሉት ማንንም አይከብድም።

ዘንድሮም ለጓደኛዬ አነብለታለሁ። የምመኘው ግን አንድ ምሽት ብቀር ከእኔ ጋር ሻይ መጠጣት ብቻ የሚቀርበት ቀን እንዲመጣ ነው። ያን ጊዜ ቢቆጣኝ እንደ ጓደኛ ይቆጣኛል፤ ቢያመሰግነኝም ማመስገን ስላለበት አይሆንም።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ