«አብሽሪ» መልስ አይደለም

ወሎ ውስጥ «አብሽሪ» የማይባልበት ቦታ የለም። ለቅሶ ቤት አብሽሪ፣ ዝናብ ሲዘገይ አብሽሪ፣ ልጅ ፈተና ሲወድቅ አብሽሪ። ወግዲ ተወልጄ በዚህ ቃል ስጽናና ያደግሁ ሰው ነኝና ቃሉን አልጠላውም። የጤና ባለሙያ ለጠየቀችው ነፍሰ ጡር በመልስ ፋንታ ሲሰጣት ግን ዝም ማለት አልችልም።

ታናሽ እህቴ ወድቃ ዳሌዋን ተጎዳች። አንድ የጤና ተቋም ወሰድናትና ራጅ ተነሳች። «የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ያላት ሰው የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እርጉዝ መሆኗን አወቀች። ለክትትል ስትሄድ «ራጅ ተነስቼ ነበር፤ ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ «አሁን ምን ይደረጋል? አብሽሪ» ነበር። ካርዷ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

ባለሙያው የተወውን ጎረቤት ሞላው። አንዷ «ሽባ ነው የሚሆነው» አለቻት፤ ሌላዋ «ሳይገፋ አስወርጂው» አለቻት። እህቴ አላስወረደችም፤ ክትትሉን ግን አቆመች። «ሄጄ ምን ልባል?» ነበር የምትለው። ደም ግፊቷን የሚለካ፣ የደም ማነስ ኪኒን የሚሰጣት ሳይኖር ወለደች። ልጁ ደህና ነው፤ ይኸው ዶሮ እያባረረ ነው። «እንኳን ደህና ሆነ፣ ታዲያ ምን ያናድዳል?» እንዳትሉኝ። የሚያናድደኝ በሰባት ወር ሙሉ አንድ ሌሊት ደህና እንቅልፍ አለመተኛቷ ነው። ግፊቷ ቢጨምርስ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

እውነቱን ለመንገር ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። የራጅ ጨረር ጉዳት በመጠኑ ይወሰናል። ከ50 ሚሊግሬይ በታች የሆነ ጨረር ፅንስን ከማጉደልም ሆነ ከውርጃ ጋር አልተያያዘም። አንድ የዳሌ ራጅ ለፅንሱ የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ5 አይበልጥም፤ የደረት ራጅማ ከ0.01 በታች ነው። በልጅነት ዕድሜ የካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል፤ ይኼም ከነመጠኑ ይነገራት።

ሁሉም ነገር እንደ ራጅ ቀላል አይደለም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ፅንስን በእርግጥ ይጎዳሉ። መድኃኒቱን በገዛ እጅ ድንገት ማቆም ደግሞ እናትየዋን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ነው «አብሽሪ» የማይበቃው፤ አንዱ ጉዳይ ማጽናናት፣ ሌላው አስቸኳይ ውሳኔ ይፈልጋል። ሳይጠየቅ በምን ይለያል?

ይህ እውቀትስ ከየት መጣ? እናቶችን ከመጠየቅ! እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት ልጆቻቸው በካንሰር የሞቱባቸውን እናቶች በእርግዝና ጊዜ ምን እንደገጠማቸው አስጠየቀች። ሆዳቸውን ራጅ የተነሱት ልጆቻቸው ጤነኛ ከሆኑት እናቶች ጋር ሲነጻጸሩ እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። ብዙ ሐኪሞች ለዓመታት አላመኗትም። ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያጎደለው ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒትም በ1961 ጀርመን ውስጥ ከገበያ የወጣው ሐኪሞች እናቶቹን «ምን ወስደሽ ነበር?» ብለው ከጠየቁ በኋላ ነው።

ፍርሃትም በራሱ ይጎዳል። በ1986 ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ፣ ብዙ ርቃ የምትገኘውና ጥቂት ጨረር ብቻ የደረሳት ግሪክ ውስጥ ብዙ ሴቶች የሚፈልጉትን ፅንስ በፍርሃት አስወርደዋል። የእኛ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት ማቋረጥን ይፈቅዳል። ይህን የሚያህል ውሳኔ ግን በጎረቤት ወሬ አይወሰንም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገራዊ ጥናት ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንዴ በሠለጠነ ባለሙያ ታይተዋል። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት ግን 43 ብቻ ናቸው። ለምን እንደቀሩ ሲነሳ መንገዱ፣ ድህነቱ፣ ባህሉ ይጠቀሳል። ልክ ነው። እህቴን ያስቀራት ግን መንገዱ አልነበረም፤ መልስ ማጣቷ ነው።

«ወረፋው ረጅም ነው፣ ጊዜ የለም» ይላሉ። ወረፋው እውነት ነው። አንድ ጥያቄና አንድ መስመር ጽሑፍ ግን ወረፋ አያስረዝምም። «ለገጠር ሴት ብታስረዳትም አይገባትም» የሚሉትን ግን አልታገሣቸውም። ላሟን ኮርማ ያገኘበትን ቀን ይዛ የምትወልድበትን ወር የምትነግርህ ሴት «መጠኑ ትንሽ ነው» የሚለው ነው የማይገባት? «ፈጣሪ ያመጣው ነው» የሚለውንም ለእሷ ተዉት። እሷ ስትለው እምነት ነው፤ ያልጠየቀው ባለሙያ ሲለው ማምለጫ ነው።

ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ልጆች፣ ለእህቶቻችሁ ንገሩ፦ ራጅ ከመነሳት ወይም መድኃኒት ከመውሰድ በፊት «እርጉዝ ልሆን እችላለሁ» ይበሉ፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያ አይጣሉ፤ ያልፈ ነገር ካለ ቀኑንና ዓይነቱን ካርድ ላይ ያስጽፉ፤ ፈርተው ክትትል አያቁሙ።

እናንተ ነጭ ጋዋን የለበሳችሁ ደግሞ፣ መጀመሪያ ጠይቁን። ቀጥላችሁ ጻፉት፣ አስረዱን። ከዚያ በኋላ «አብሽሪ» በሉ፤ ያኔ በደስታ እንቀበላችኋለን።